ይነሱ ያልኳቸው ሴት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ካምፓላ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት እሠራ ነበር። ያን ሰሞን መንግሥት አቅም የሌላቸውን የረጅም ጊዜ ሕመምተኞች ሆስፒታል ከማስተኛት ይልቅ፣ ነርስ እየላከና ወጪያቸውን እየሸፈነ ቤታቸው ማስታመም ሞክሮ ነበር። የእኔ ሥራ ቤት ለቤት እየዞርኩ አያያዙን ማየት ነው። ካልጣመኝ፣ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ይመለስ ብዬ እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቡን አላመንኩበትም ነበር።

ኪሱጉ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ስገባ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ማቶኬ የሚባለውን ለወጥ የሚሆን ጥሬ ሙዝ ይልጣሉ። በጉልበታቸው መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። የአገሬው የባጋንዳ ሴቶች እንግዳ ሲቀበሉ እንደሚንበረከኩ አውቃለሁ፤ ግን እናቴን የሚያክሉ ሴት እግሬ ሥር ሆነው እንዴት ልቀመጥ?

«ስለ እግዚአብሔር ይነሱ» አልኳቸው።

ፈገግ አሉና በጉልበታቸው ሄደው ወንበር አመጡልኝ። ቤቱ ጥርት ብሎ ተጠርጓል፣ ድስቱ ተጥዷል፣ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ በተራ ተቀምጧል። እንደገና ለመንኳቸው። ሻይ ቀዱልኝ። በመጨረሻ ጨነቀኝና እኔም ፊት ለፊታቸው ተንበረከክኩ።

«እንዲህ ያለ አያያዝ አይቼ አላውቅም» አልኩ ፎርሜን እየዘረጋሁ። «ለመሆኑ የሚያስታምሟቸው ሕመምተኛ የታሉ?»

ሴትዮዋ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ሕመምተኛዋ እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እግሬ ከጉልበቴ በታች ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። እርስዎ ግን፣ ስለ እግዚአብሔር ይነሱ።»