ከጥቁር ስፖንጅ የተነቀሉት ቺፖች

ወሬውን የነገረኝ የግቢያችን ዘበኛ ነው። ንፋስ ስልክ ወዳለው የጥገና ክፍላችን ስገባ መታወቂያዬን ተቀብሎ ቶሎ አልመለሰልኝም። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ከሥራ መታገዳቸውን፣ አዲሶቹ የሜሞሪ ቺፖች በሙሉ ሞተው መገኘታቸውን፣ ነገሩም አሻጥር መባሉን ነገረኝ። ደነገጥኩ። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ይህን ለእኔ የሚነግረኝ ፊቴን ሊያጠና ይሆን?

ያኔ እንዲህ ነበርኩ። ከጨንቻ መጥቼ ጎፋ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። መንግሥት ጸሎት ቤታችንን ካሸገው ወዲህ የምንጸልየው በየሰው ቤት፣ መዝሙሩንም በሹክሹክታ ነው። ከባልደረቦቼ ጴንጤ መሆኔን ማን እንደሚያውቅ አላውቅም፤ ስለዚህ ሁሉም እንደሚያውቅ ቆጥሬ እጠነቀቅ ነበር።

ቺፖቹ የመጡት ለአንድ ፋብሪካ የማሽን መቆጣጠሪያ ካርዶች ነው። እኛ የለመድነው ቲቲኤል የሚባለውን ዓይነት ነበር፤ መብራት ይበላል፣ ይግላል፣ ግን ብታንገላታውም ቻይ ነው። አዲሶቹ ሲሞስ ነበሩ። ኃይል የሚወስዱት ጥቂት ስለሆነ፣ መብራት ቢሄድ እንኳ በትንሽ ባትሪ የያዙትን ሳይረሱ ይቆያሉ። እግሮቻቸው ጥቁር ስፖንጅ ላይ ተሰክተው ነበር የመጡት።

ያንን ስፖንጅ የንብረት ክፍሉን ኃላፊ የለመንኩት እኔ ነኝ። "ጋሼ፣ የሚጣል ከሆነ መርፌ መሰኪያ ላድርገው" አልኳቸው። እሳቸውም ጥላሸት የመሰለ ነገር ዕቃ ያቆሽሻል ብለው ቺፖቹን አንድ በአንድ ነቅለው ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተቱና ስፖንጁን ሰጡኝ። ሱሪያቸው በተተረተረ ቁጥር ወደ እኔ እንደሚመጡ እየቀለዱ።

ዘበኛው የነገረኝ ዕለት ከቺፖቹ ጋር የመጣውን፣ ማንም ገልጦ ያላየውን ወረቀት ፈልጌ አነበብኩ። ሲሞስ ከሰው እጅና ልብስ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ይሞታል ይላል፤ በላዩ ምንም ምልክት ሳይታይ። ፕላስቲክ ሲፋተግ ያንኑ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ጥቁሩ ስፖንጅ ደግሞ እንዳይጠራቀም የሚከላከል ነው። ወሩ የካቲት ነበር፤ አየሩ ከመድረቁ የተነሣ የናይለን ሹራባችንን ስናወልቅ ይንጣጣል።

ብናገር ስፖንጁ የት ገባ ይሉኛል። ቤቴ ከተፈተሸ የመዝሙር ደብተራችን ይገኛል፤ እሱ ደግሞ የእኔ ብቻ ሳይሆን የብዙዎች ስም አለበት። ዝም ብል እኚህ ሰው ይታሰራሉ። ሁለት ቀን ጾሜ በሦስተኛው ቀን በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ።

ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ እስክጨርስ ጠበቀኝና፣ "ጓዲት፣ መብረቅ በፌስታል ይቀመጣል እያልሽን ነው?" አለ። አዳራሹ ሳቀ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ "ስፖንጁስ የት አለ?" አለኝ።

"ተጥሏል" አልኩ።

ጋሼ ከፊት ወንበር ዞረው አዩኝ። ከዚያ ወደ ጎናቸው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ አልሰማሁም።

ወረቀቱ ከእስር አዳናቸው። ኃላፊነታቸውን ግን አላዳነም፤ ሩቅ ወዳለ ቅርንጫፍ ተዛወሩ ተባለ፣ ሳንሰነባበት ሄዱ። ቤቴን የፈተሸ ሰው አልመጣም። ይህም አላሳረፈኝም። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርሽ የሚለኝን ሁሉ ምን ያውቃል እያልኩ ዓይን ዓይኑን አይ ነበር። ጌታ ውሸቴን ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ፤ የእሳቸውን ግን አላውቅም።

በዚያ ስብሰባ ከጋሼ ጎን የተቀመጣችሁ፣ በሕይወት ካላችሁ፣ ያኔ ምን እንዳሉ ንገሩኝ። የእኔን ስም ጠርተው ከሆነም አትደብቁኝ።