ዘንገና ላይ ብቻውን የቀረው ድንጋይ

ከዳንግላ የወጣነው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። እንጅባራ የምትኖረው እህቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስለነበር ልጠይቃት ነበር። ልጄ ጌትነት ይነዳል፤ የአምስት ዓመት ልጁ ሜሮን ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀምጣለች። እግሬ ሥር ድንጋዩ አለ። የመኪናችን የእጅ ፍሬን መያዝ ካቆመ ዓመት አልፎታል፤ በቆምን ቁጥር ወርጄ ጎማው ሥር ድንጋዩን የማስቀምጠው እኔ ነኝ። የቤታችን በር ዳገት ላይ በመሆኑ መኪናው አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል። ስለዚህ የድንጋዩ ቦታ ሁልጊዜ ከኋላ ጎማ በስተኋላ ነው።

አዲስ ቅዳም ላይ ማር ገዛን። ሻጯ ከሰባት መቶ ብር አልወርድም ብላ አልወረደችም። ከዚያ ወዲያ በመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። እንጅባራ ስንገባ ብርዱ ነጠላዬን አልፎ ገባ። እህቴ ዓይኗ ተሸፍኖ በእርምጃዬ ለየችኝ።

ስምንት ሰዓት፣ ዘንገና

ከምሳ በኋላ ሜሮን ሐይቁን ካላየሁ አለች። ስንደርስ ግን እንቅልፍ ወስዷታል። ጌትነት መኪናውን ከአስፋልቱ ወደ ሣሩ አውርዶ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ አቆመ። ማርሽ ውስጥ አላስገባውም።

"እማዬ፣ ድንጋዩን" አለኝ።

ወርጄ እንደ ልማዴ ከኋላ ጎማ በስተኋላ አስቀመጥሁት። ልጅቷ እንዳትነቃ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁ።

ጥቂት እርምጃ እንደሄድን ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ዞር ስል ድንጋዩ ብቻውን ተቀምጧል። መኪናው ድምፅ ሳያሰማ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ጌትነት ሮጠ። እኔ መሮጥም መጮኽም አልቻልሁም። ገደሉ አፋፍ ላይ የቀረ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነው ያስቆመው።

ጌትነት በሩን ሲከፍት ሜሮን ዓይኗን እያሸች "ደረስን?" አለች።

ፈረሱን እየሳበ የሚያልፍ ገበሬ መጥቶ መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ከዚያ መኪናውን አየ።

"ይህን ማን አስቀመጠው?"

"እኔ ነኝ" አልሁ።

"እኛ ጋሪ ስናቆም መጀመሪያ ቁልቁለቱ በየት በኩል እንደሆነ እናያለን፣ እማማ። ይህ የሚጠብቀው አስፋልቱ እንዳይሸሽ ነው?"

ከዚያ ጋቢውን አነጠፈልኝ። "ይቀመጡ" አለ።

ዐሥር ሰዓት፣ እንጅባራ

መኪናውን ያሳየነው መካኒክ የእጅ ፍሬኑን ጎተተው፤ እስከ ላይ ወጣ።

"ሲጎተት ስንት ጊዜ ጠቅ ይል ነበር?"

"ቆጥሬው አላውቅም። ድንጋይ ስላለን..." አለ ጌትነት።

"ድንጋዩንስ ሰርቪስ ታስደርጉታላችሁ?"

አምስት ስድስት ጊዜ ጠቅ ብሎ መያዝ አለበት አለን፤ ከዚያ ካለፈ ወይ ገመዱ ላልቷል፣ ወይ ጎማው ውስጥ የሚይዘው ሸራ አልቋል ማለት ነው። የኋላ ጎማዎቹን ፈትቶ አየ፤ ሸራው ደህና ነው፣ የላላው ገመዱ ነበር። አጠበቀው። ከዚያ ጋራዡ በር ያለው ቁልቁለት ላይ አቁሞ እግሩን ከፔዳሉ አነሣ። መኪናው አልተነቃነቀም። ሥራው ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከመኪናው መንሸራተት ቀጥሎ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ስንመለስ፣ ድንጋዩ ባይኖረን ኖሮ ፍሬኑ በተበላሸ ሰሞን እናሠራው እንደነበር አሰብሁ። እኔ በየቀኑ እየወረድሁ ሳስቀምጥ፣ ብልሽቱ ብልሽት መሆኑ ቀርቶብን ነበር።

ማታ፣ ዳንግላ

የሜሮን እናት ትዕግሥት በር ከፈተችልን። የተጨረማመተውን የመኪናውን ፊት አይታ ባሏን ጠየቀችው።

"ጉቶ ነክቶን ነው፣ ደህና ነን" አላት።

"መኪናው ብቻውን ነው የሄደው" አልሁ። "ድንጋዩን ያለቦታው ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ሜሮን ውስጥ ተኝታ ነበር። ፍሬኑን አሠርተነዋል፤ አምስት ስድስት ጊዜ ጠቅ ብሎ መያዝ አለበት ተብለናል።"

ትዕግሥት ልጅቷን ከጭኔ አንሥታ ለአባቷ ሰጠችና ወደ ፊት ወንበር ገባች። ፔዳሉን ረግጣ የእጅ ፍሬኑን መልሳ አወረደችው፤ እንደገና ቀስ ብላ ጎተተችው። ከንፈሯ ሲቆጥር አየሁ። እኔም ከኋላ ሆኜ ቆጠርሁ።

አምስት ላይ ያዘ።