አዲሱ ቆዳ

ተማሪዎቹ ያወጡላቸው ስም ጋሼ ክንዱ ነው። የነርስ ተማሪዎች የሚለማመዱበት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ስሙ የመጣው ከሚንከባከቡት የጎማ ክንድ ነው። ክንዱ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳችሁ፣ ግሩም ነገር ነውና። ከላይ እንደ ካልሲ የሚጠለቅ የጎማ ቆዳ አለ። ከሥሩ በደም ሥር ፋንታ ቀጫጭን ቱቦዎች ተዘርግተዋል። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ከረጢት ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ያወርድላቸዋል። መርፌው ቱቦውን ካገኘ ቀዩ ውሃ ብቅ ይላል፤ ከሳተ ምንም የለም። ክንዱ አይጮኽም፣ አይቆጣም። ጋሼ ክንዱ "ታማሚው" ይሉታል።

እሳቸው ራሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት በላቦራቶሪ ደም ሲቀዱ ኖረዋል። ጉልበታቸው መቆም እምቢ ሲል ወደዚህ ተዛወሩ። ጠዋት በሩን ከፍተው ከረጢቱን ይሞላሉ፣ የሚያፈሱትን ቱቦዎች ይለውጣሉ፣ ተማሪ ጥሎት የሄደውን ጓንት እያጉረመረሙ ይለቅማሉ።

በዚያ ሰሞን ከክፍሉ የማትጠፋ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። በተግባር ፈተናው ደም መቅዳት ላይ ወድቃ፣ እሱን ብቻ እንድትደግም ተፈቅዶላታል። አሁንም ከወደቀች ዓመቱን ከታናናሾቿ ጋር ሀ ብላ ትጀምራለች። ስድስት ቀን ቀርቷታል። ሙከራዋን ሁሉ በትንሽ ደብተር ትጽፋለች፤ መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ወግታ፣ መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ "ገባ" ብላ ጽፋለች።

"ጋሼ፣ እዚህ አንዴም ስቼ አላውቅም" አለቻቸው። "ሌላ ክንድ ሲሰጡኝ ግን እጄ የሰው እጅ ይሆንብኛል። ምን ነክቶኝ ነው?"

ነገሩ እሳቸውንም ከነከናቸው። ሁለት ቀን ሥራ የያዙ መስለው ዐይን ዐይኗን አዩ። በሦስተኛው ቀን ገባቸው። ቆዳው አርጅቷል፤ ስንት ተማሪ የወጋው ቦታ ጠቁሮ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል። ልጅቷ በጣቷ ሳትዳስስ በዐይኗ ቀዳዳውን ፈልጋ ነበር የምትወጋው።

በማግስቱ አዲስ ቆዳ አጠለቁለት። መጣች፣ ወጋች፤ ምንም። ደገመች፤ ምንም።

"ጋሼ፣ ክንዱ ተበላሽቷል።"

"ኧረ ገና ዛሬ መዳኑ ነው!"

አልሳቀችም። "ሦስት ቀን ሲቀረኝ እንዲህ ያደርጉኛል?"

"በፈተናው ቀን ከሚደርስብሽ አይሻልም? ለመሆኑ ሌሊት ምን ያህል ተኛሽ?"

"ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው።"

"ቁርስስ?"

መርፌውን አስቀምጣ ጓንቷን አወለቀች።

"በይ ይቺን ዳቦ ቅመሺ። በባዶ ሆድ እጅ አይታዘዝም።"

ዳቦው ሲያልቅ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። "ጨፍኚና ዳስሺው። ደም ሥር ሲጫኑት እሺ ብሎ ይወርዳል፣ ሲለቁት ይነሣል። ጅማት ግን ድርቅ ይላል፣ ግትር ነው።"

ቆይታ "አገኘሁት መሰለኝ" አለች።

"መሰለኝ አይበቃም። ደግመሽ ጠይቂው።"

"አገኘሁት! ልውጋዎት ታዲያ?"

"ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ወግቼ ብድሬን ካንቺ ልቀበል? ወደ ጎማሽ ሂጂ!"

አሁን ሳቀች። በቀሩት ቀናት ጎማውን በፎጣ ሸፍነው አለማመዷት። አንዳንዴ ታገኛለች፣ ብዙ ጊዜ ትስታለች። ደብተሯን ግን ከቦርሳዋ አላወጣችም።

ለፈተናው ክንዱን ሌላ ያልተነካ ቆዳ አልብሰው ላኩት። የምትፈተነው እሷ ብቻ ነበረች። መውጋት የሚፈቀደው ሁለቴ ነው፤ ሦስተኛ የለም። እሳቸው መግባት ስለማይችሉ ክፍላቸው ተቀምጠው፣ የታጠፈውን ፎጣ ሲፈቱና ሲያጥፉ ቆዩ።

የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ክንዱን መልሳ ስታመጣ መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ አስጠጉት። ሁለት ቀዳዳ። አንደኛው ከቱቦው ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ደረቅ። ሁለተኛው ልክ በቱቦው አናት፣ ዙሪያው ቀላ ያለ እርጥበት አለበት። ቀስ ብለው አስቀመጡት።

ልጅቷ እያለከለከች ደረሰች። "ጋሼ!"

"መጀመሪያ ወደ ቀኝ ሄድሽ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ታማሚው።"

"አዎ፣ ሳትኩት። ከዚያ ጨፍኜ እንደገና ዳሰስኩት። ፈታኟ 'እዚህ መተኛት ጀመርሽ እንዴ?' አለችኝ። ግን አለፍኩ፣ ጋሼ! አለፍኩ!"

ወንበር ሳቡላት። ትንፋሿ ሲመለስ ደብተሩን አወጣች፤ ከቀድሞዎቹ "ገባ"ዎች ሁሉ ሥር በመጀመሪያ "ሳተ"፣ ቀጥላ "ገባ" ብላ ጻፈች።