ወንድሜን ያቆምኩበት ፎቶ

ሥራዬ ሰው ማቆም ነው። አሰላ ውስጥ በምሠራበት ፎቶ ቤት በኮምፒውተር ኮት ኖሮት የማያውቀውን ኮት አለብሳለሁ፣ ሠርጉ ላይ ያልደረሰ አጎት ከሙሽሮቹ ጎን አስገባለሁ፣ የሞተ አባት ከተመራቂ ልጁ አጠገብ አቆማለሁ። ደንበኞቼ «ጎሽ፣ ምንም አይታወቅም» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ጉረኛ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ከተማው ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም እል ነበር።

ታናሽ ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከኦጎልቾ ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። አሰላ ቀበርነው። ጢቾ ላለችው እናታችን ግን አልነገርናትም። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት አድጎ ትንፋሿን ስለሚዘጋው፣ ጋደም ማለት አቅቷት ተቀምጣ ነበር የምታድረው። አንድ ጊዜ ለቀዶ ጥገና ገብታ ግፊቷ ከፍ በማለቱ መልሰዋታል። ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ ሲሰጣት እንዳትደነግጥ አደራ ብሎናል፤ ግፊቷ ዳግም ከወጣ አልነካትም አለ። ታላቅ ወንድሜ ሽማግሌዎች አማክሮ መርዶው ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንዲሆን ወሰነ። ጢቾ ሙሉ አወቀ፣ እሷ ብቻ ቀረች። ጎረቤቶቿ ቤቷ ከመግባታቸው በፊት ዓይናቸውን ጠራርገው፣ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ እያወሩ ይገቡ ነበር።

እናቴ በቀላሉ የምትታለል ሰው አይደለችም። በየቀኑ ትደውላለች። ታላቅ ወንድሜ፣ ልጁ ኔትወርክ የሌለበት አገር ጭነት ይዞ ሄዷል ይላታል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንደሚባለው፣ ሰበባችን እያለቀ መጣ። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜ ጨንቆት፣ ልጁ እሁድ ለት መጥቶ እንደነበርና ወደ እሷ ሲደውሉ ስልኩ አልሠራ እንዳላቸው ነገራት። እንግዲያው አብራችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ላኩልኝ አለችው። እሺ አለ። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ሲዞር ምን እንደሚለኝ ስላወቅሁ፣ አፉን ሳይከፍት ተቆጣሁ። የገዛ ወንድሜን እንደ ደንበኛ ቆርጬ አልለጥፍም አልኩ።

«ለባዳ የምታደርጊውን ለእናትሽ እምቢ አልሽ?» አለኝ።

በማግስቱ አክስቴ ግቢ፣ ቆርቆሮ አጥሩ ሥር ቆምን። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ የምኖረውም እሷ ዘንድ ነው። ታላቅ ወንድሜ ለሐዘን ያሳደገውን ጢም ተላጭቷል። እኔና አክስቴ ጥቁራችንን አውልቀን ነጭ ነጠላ አጣፍተናል። ስልኬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ በእኔና በታላቅ ወንድሜ መካከል አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ትተን፣ ፈገግ ለማለት ሞከርን። በዚያ ባዶ ቦታ በኩል ጎኔን ሲበርደኝ ይታወቀኛል። አክስቴ ፎቶው እንዳለቀ እየሮጠች ወጥ ቤት ገባች።

ታናሽ ወንድሜን ያገኘሁት ጮሌ ከተማ በነበረው የአጎታችን ልጅ ሠርግ ላይ ከተነሳው ፎቶ ነው። ሙሽራውን አቅፎ ይስቃል። በማውሱ ጆሮውን፣ ከዚያ ፀጉሩን፣ ከዚያ የሸሚዙን ኮሌታ እየዞርኩ ቆረጥኩ። የሠርጉ ብርሃን ከቀኝ፣ የግቢው ከግራ ስለነበር ምስሉን ገለበጥኩት። ይሄኔ የእጅ ሰዓቱ ወደ ቀኝ እጁ ዞረ፤ እናቴ ይህ እንደማያመልጣት ስለማውቅ ወደ ግራው መለስኩት። ጥላውን እግሩ ሥር አነጠፍኩ። ሙሽራውን ያቀፈበትን እጅ እኔ ትከሻ ላይ አደረግኩት። ከቀብሩ ወዲህ አላለቀስኩም ነበር፤ ያን ለታም አላለቀስኩም። እንባ ከመጣ ጠርዙ አይታየኝም። ሲያልቅ ራሴን ጠላሁ፤ ሥራው ግን የሕይወቴ ምርጥ ሥራ ነበር።

የእናቴ ስልክ ፎቶ ስለማይቀበል፣ ፎቶውን ጢቾ ላለች አስተማሪ ጎረቤቷ ስልክ ላክነው። እናቴ ደውላ፣ አየሁት፣ እግዜር ይስጣችሁ አለች። ከዚያ በኋላ መደወል ተወች። ታላቅ ወንድሜ ተሳካ አለ። እኔን ግን ዝምታዋ አስፈራኝ።

ለቀጠሮዋ አሰላ እንደመጣች ከመናኸሪያ ወደ አክስቴ ቤት አልሄደችም፤ ቀጥታ ወደ እኔ ፎቶ ቤት መጣች። በትልቁ አሳዪኝ አለችኝ። ፎቶውን አጉልቼ ስክሪኑን ሞላሁት። ቀርባ ቆመች። ጉሮሮዋ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ዓይኗ ፀጉሩ ጠርዝ ላይ፣ ጥላው ላይ፣ ሰዓቱ ላይ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እሱን በመዳፏ አንድ ጊዜ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ጣቷ አልፎ አክስቴ ላይ ቆመ። ሻይ አጠጪኝ ብላኝ ወጣን።

ሆስፒታል ነርሷ ክንዷ ላይ የግፊት መለኪያውን ስትጠቀልል፣ ታላቅ ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይጸልያል። አክስቴ የእኔን እጅ ጨብጣ ጥፍሯን ሰክታብኛለች። ነርሷ አየር ሞላች፣ አዳመጠች፣ ግንባሯን ቋጠረች፣ እንደገና ሞላች። እኔ በልቤ፣ አሁን ከመለሷት እሷንም ገደልናት እያልኩ ነበር።

«ማዘር፣ ዛሬ ጥሩ ነው፤ ነገ ጠዋት ይገባሉ» አለቻት።

ነርሷ ስትወጣ እናቴ አክስቴን ወደ አልጋው ጠራቻት። እጇን ዘርግታ የአክስቴን ነጠላ ገፈፈች፤ ጥለቱን ከአንገቷ አውርዳ ወደ ታች አዙራ መልሳ አለበሰቻት። ያን ጊዜ ገባኝ። ፎቶው ላይ አክስቴ ነጠላዋን ያጣፋችው ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ አድርጋ ነበር፤ ሐዘንተኛ እንደምትለብሰው። ያን ሰሞን እጇ የለመደው እሱን ነው። እኔ ጢሙን፣ ጥቁሩን፣ ሰዓቱን አስታውሼ፣ ከጎኔ የቆመችውን አክስቴን አላየሁም።

ታላቅ ወንድሜ ሊናገር ሲል እናቴ በእጇ አስቆመችው።

«ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ፣ እኔ አልቅሼዋለሁ» አለች። «ፎቶው የመጣ ለት ገብሱ መሃል ገብቼ፣ በየቀኑም እዚያው እየሄድኩ። ከሰው ፊት ግን አላለቀስኩም፤ ጎረቤት ይሄን ሁሉ ጊዜ ደብቆልኛል፣ ድካሙን አላበላሽበትም። አሁን ልዳን። ስድን በወጉ ታረዱኛላችሁ።»

ዳነች። ጢቾ ከተመለሰች በኋላ አንድ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በሯን አንኳኩ። ሁላችንም ከኋላቸው ቆመናል። ተነስታ ተቀበለቻቸው፣ ወንበር ሰጠቻቸው፣ የሚሉትን ሁሉ ምንም እንዳልሰማ ሰው እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አዞረችና የልጇን ስም ጠራች። ቁስሏ ገና ስላልጠና ድምጿ አልወጣም፤ አፏ ብቻ ነበር የሚከፈተው። እኔም ያን ጊዜ፣ ለእሷም ጭምር፣ ጮኼ አለቀስኩ።