ሁሉ የሚሆንላት ትርንጎ

ሰሞኑን የትምህርት ቤታችንን አዳራሽ ቀለም ሲቀቡት ሽታው እስከ ክፍሌ ድረስ ዘለቀ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ጠመኔዬን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ፤ ሽታው ትርንጎን አመጣብኝ።

ትርንጎ የጎረቤታችን የመሪጌታ ልጅ ነበረች፤ በጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች። እኛ የላሊበላ ልጆች ቀዩን ድንጋይ የምናውቀው ወድቀን ጉልበታችንን ሲልጠን ነው። እሷ ፈጭታ፣ በነጠላ ቅዳጅ ነፍታ፣ በሙጫ ለውሳ ቀለም ታደርገዋለች። ጥቁሩን ከድስት ቂጥ ጥላሸት ትፍቃለች። ጣቶቿ ሁልጊዜ ቀይ ነበሩ፤ በእነዚያው ጣቶች ማሲንቆ ትገዘግዛለች። አባቷ "የመሪጌታ ልጅ ማሲንቆ ትያዝ?" እያሉ ይቆጡ ነበር፤ ስትጫወት ግን ከበሩ አይርቁም። የሰው አካሄድ አስመስላ ስትሄድማ ሰውየው ራሱ የመጣ ይመስለን ነበር።

እኔ የነበረኝ አንድ ነገር ነው፤ ድምፅ። እናቴ በሰው ፊት "የእኔዋ ትዘፍናለች" ስትል ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር።

ተማሪዎች ሳለን አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ክበብ ቲያትር ይዞ ብልባላ ገበያ ሄደ። የገበያ ቀን ነበር። መጋረጃውን አህያ ላይ ጭነን በእግራችን ተጓዝን። መጋረጃው አቡጀዲ ነው፤ ተራራውንና ጎጆዎቹን የሳለችበት ትርንጎ ናት። ልጇ የሞተባትን እናት ሆና የምትጫወተውም እሷው ናት። የእኔ ድርሻ ቲያትሩ መጨረሻ ላይ፣ በሠርጉ ትዕይንት፣ መዝፈን ነበር። እናቴ ለገበያው መጥታ ከፊት ተቀምጣለች። ትርንጎ የልጇን ጋቢ አቅፋ ዝም ብላ ስትቀመጥ ገበያተኛው ሁሉ ጸጥ አለ፤ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ተራዬ ደርሶ ስዘፍን ዓይኔ እናቴ ላይ ነበር። አጨበጨበች፣ ፈገግ አለች። አላለቀሰችም። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ "ያቺ ልጅ አንጀቴን በላችው" ትላለች። እኔ አህያዋን እነዳለሁ።

ከዚያ ትርንጎ አዲስ አበባ ገብታ ቲያትር ተማረች። በመድረክ ስሟ መነሳት ሲጀምር ትወናውን ገታ አድርጋ ካሴት አወጣች። ካሴቷ በየሻይ ቤቱ ሲጮህ፣ እኔ የሙዚቃ መምህርት ሆኜ ሕፃናትን ማጨብጨብ አስተምር ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ሥዕሎቿን አሳየች ተባለ። ከአንዱ ወደ አንዱ ስታልፍ አንዱም እንቅፋት አልሆነባትም። እኔ ያቺኑ አንዲት ድምፄን ይዤ ላሊበላ ቀረሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አገሯ ገባች። ጉሮሮዋን ታማ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት፣ ድምፅዋ ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ ነበር። ልጠይቃት ስሄድ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ከሐዘኔ ሥር ግን "አሁንስ እኩል ሆንን" የምትል ነገር ብልጭ አለች። እሷ ሸራ ወጥራ እየሳለች አገኘኋት።

"መጣሽልኝ፤ እዚህ ለማስተምራቸው ልጆች ክበብ ቲያትር እየሠራሁ ነው" አለች በዚያች ቀጭን ትንፋሿ። "እኔ አልናገርም፣ በአካሌ ብቻ ነው የምጫወተው። አንቺ ከመጋረጃው ጀርባ ዝፈኝልኝ።"

"ለምን ከጀርባ?"

"ከወጣሽ ሰው አንቺን ያያል። ድምፁ ከእኔ የወጣ እንዲመስል ነው የምፈልገው።"

እምቢ ማለት አማረኝ። ግን እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

የቲያትሩ ቀን አዳራሹ ሞላ። መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ስዘፍን የሰው ሳግ ይሰማኛል። ለትርንጎ የድምፅዋ መጥፋት እንኳ ሥራ ሆነላት። ሲያልቅ ያረጀችው እናቴ ክንዴን ይዛ፣ "ትርንጎ ድምፅዋ ተመለሰላት እንዴ? እሰይ የኔ ልጅ" አለች።

"እኔ ነኝ የዘፈንሁት እማ።"

"አንቺ? የት ነበርሽ? አላየሁሽም እኮ።"

ትርንጎ በሽታው አገርሽቶባት ዓመት ሳይሞላ አረፈች። የክበቡን ልጆች የሚይዛቸው ሲጠፋ እኔው ያዝኋቸው። አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ፣ ሥዕሉም ማሲንቆውም የሚሆንላት አንዲት ተማሪ ዜማ ጀመረች። መጨረሻው ላይ ድምፅዋን ሰበር አድርጋ መለሰችው። እንዲያ የማደርገው እኔ ብቻ ነኝ።

"ይህን ማን አስተማረሽ?" አልኋት።

"እትዬ ትርንጎ ናቸው፤ በማሲንቆ እየመቱ ነው ያሳዩኝ። በልጅነታቸው የጎረቤት ልጅ ስትዘፍን በአጥር በኩል እየሰሙ ነው የተማሩት። 'እሷን አልደርስባት ብል ነው ወደ ሥዕሉም ወደ ቲያትሩም የሸሸሁት' ብለውናል።"

"ማን እንደሆነች ነገረቻችሁ?"

"ኧረ አልነገሩንም።"

ድገሚው አልኋት። ልጅቷ እየዘፈነች እኔ ቀናሁባት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ልሰማው የፈለግሁትን ቃል ከትርንጎ አፍ የሰማችው እሷ ናት።