ግራ እጅህን ተቀመጥበት

ግራ እጄ ከእኔ የበለጠ የተማረ ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሰሊጥ መጋዘን፣ የመስጊድ አጥርና የሀብታም ፎቅ በኮምፒውተር ስነድፍ ነው ጎልማሳ የሆንኩት። ቀኝ እጄ ማውሱን ይዞ ይንሸራሸራል እንጂ ዋናው ሥራ የግራው ነበር። «ኤል» የሚለውን ፊደል ሲነካ መስመር፣ «ሲ» የሚለውን ሲነካ ክብ። እኔ ወሬ ስይዝ እሱ ግድግዳውን ይጨርሳል። ለቅሶ ቤት እንኳ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ መስመር ማስመር ሲጀምር ሚስቴ ቆንጥጣ ታስቆመዋለች።

የሚያውቀው ግን አሮጌውን ፕሮግራም ብቻ ነው። ባላንጣው የሆነውን ሌላ ፕሮግራም እኔም እጄም ስንሰድበው ኖረናል። ስደተኛ ሰፈር አብሮኝ ያደገ፣ እንደኔው ንድፍ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ እሱ ቀደም ብሎ ወደ ባላንጣው ከዳ። ገበያው ጥግ ሻይ የምትሸጠው ሴት ዘንድ ባገኘሁት ቁጥር አልምረውም ነበር።

"የኔው መስመር በል ሲሉት መስመር ይላል" እለዋለሁ። "ያንተ ግን እንደ ጋላባት ኬላ ነው። ግድግዳዋን አቁሞ፣ ቁመትሽ ስንት ነው? ከምን ተሠራሽ? ማን ላከሽ? ይላታል።"

ከዚያ ጦርነቱ አንድ መሐንዲስ ከካርቱም አመጣብን። ቤት ንብረቱን ጥሎ ሲወጣ ያ ባላንጣ ፕሮግራም ብቻ ተርፎታል። ቢሯችንን በተረከበ ማግስት፣ "ኸላስ፣ አበቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በዚህ ይሠራል" አለን። አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ሐጂ መጋዘን ሊያሠሩ ነበር፤ በሳምንቱ መጥተው መጋዘኑን ስክሪን ላይ ገብተው ሊያዩት ነው። ከወደዱት የንድፍ ክፍሉ አለቃ ሆኜ እቀጥላለሁ። ካልወደዱት መሐንዲሱ ፕሮግራሙን የሚያውቀውን ጓደኛዬን አምጥቶ ወንበሬን ይሰጠዋል። ወንበሩ ደግሞ ተራ ወንበር አይደለም፣ ሙከይፉ ቀዝቃዛ አየሩን በቀጥታ የሚነፋበት ነው። በገዳሪፍ ሙቀት ከዚያ ወንበር የተነሳ ሰው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቀልጦ በማንኪያ ነው የሚለቀመው።

ለብቻዬ ሞከርኩ። ክብ ልሠራ ስነካ ግድግዳው ተሰወረ። ግድግዳውን ልመልስ ስነካ ጣሪያው ተከተለው። መሬቱም ሳይሄድብኝ ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ።

"አንተ ሰው ደህና ነህ?" አለኝ። "ወንበርህን ልወርስ እየጠበቅኩ ላስተምርህ?"

"ወንበሬን ብትወስድ የምትስቀው አንድ ቀን ነው። ብታስተምረኝ ግን ሳምንቱን በሙሉ ትስቃለህ።"

አሰበበት። "ወላሂ እውነትህን ነው። ግን መጀመሪያ ሻይ ቤቱ ሄደህ፣ ሰው በተሰበሰበበት ፕሮግራሙን ታመሰግናለህ።"

ሄድኩ። ቆሜ፣ "ይህ ፕሮግራም ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ጠማማ ጸባይም ያቀናል" አልኩ። ሻይ ሻጯ ትክ ብላ አየችኝና፣ "ወንድሜ፣ ወባ ይዞሃል? ዝንጅብል ልጨምርልህ?" አለችኝ።

ትምህርቱ ተጀመረ። "በል፣ ግራ እጅህን ተቀመጥበት" አለ ጓደኛዬ።

"ምን?"

"የሚያስቸግረን እሱ ነው። አንተማ ድሮም ምንም ስለማታውቅ ቶሎ ትማራለህ።"

እንዲህ ሆኜ ሰነበትኩ። ቀኝ እጄ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየተደናበረ ግድግዳ ያቆማል፣ ግራው ከታች ተጨፍልቆ ይደነዝዛል። ቤት ስገባ አንዱ ደክሞ፣ ሌላው ደንዝዞ በሩን የሚከፍትልኝ እጅ አልነበረኝም። መጋዘኑ ግን ቆመ።

ሐጂ ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው መጡ። እንግዳ ናቸውና ወንበሬን ለቀቅኩላቸው፤ እኔ ዱካ ላይ፣ በግራ እጄ ላይ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆመ። መሐንዲሱ በሩ ጋ ነው። መጋዘኑን ከፍቼ በበሩ አስገባኋቸው፣ ውስጡን አዞርኳቸው። ሐጂ ሁለት ጊዜ "ማሻአላህ" አሉ።

"ጆንያው ሲደረደር ጣሪያውን እንዳይነካ ትንሽ ከፍ ቢልስ?" ጠየቁ።

ደስታ መጥፎ ነው። ግራ እጄ ከታቼ ሾልኮ ወጣና እንደ ለመደው "አምስት ሺህ" ብሎ ጻፈ። አሮጌው ፕሮግራም በሚሊሜትር ስለሚቆጥር ይህ አምስት ሜትር ነው። ቢሯችን ግን አዲሱን በሜትር ነው ያዘጋጀው። አምስት ሺህ ሜትር የረዘመው መጋዘን ከስክሪኑ ወጥቶ ሄደ።

"የታለ?" አሉ ሐጂ።

"እየመጣ ነው፣ ሐጂ።"

እይታውን ወደ ኋላ አራቅኩ፣ አራቅኩ። በመጨረሻ መጋዘኑ ባዶው መካከል የቆመች አንዲት ፀጉር መስሎ ታየን። ከዚያ ጫፍ ላይ የወጣ ሰው የካሳላን ተራራ እንደ ጠጠር ቁልቁል ነው የሚያየው።

"ልጄ፣" አሉ ሐጂ ረጋ ብለው፣ "እኔ የማስቀምጠው ሰሊጥ ነው ወይስ ደመና?"

መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ወንበሬ ስትሄድ ታየችኝ። ከኋላዬ ጓደኛዬ፣ ሳቁን በጥርሱ ነክሶ፣ "ሜትር፣ አንተ ደንቆሮ" አለ።

በቀኝ እጄ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ግድግዳው ተሰበሰበ፣ ጣሪያው ወርዶ ቦታውን ያዘ፣ ደረጃው በራሱ ጊዜ አንድ እርከን ጨመረ። በአሮጌው ቢሆን ወረቀቱን ሁሉ እንደገና መሥራት ነበረብኝ።

"ይኸው ነው? በአንዴ?" አሉ ሐጂ ዓይናቸው በርቶ።

"በአንዴ ነው፣ ሐጂ! ጣት ማንሳት ብቻ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ጓደኛዬ ግንባሩን ያዘ። የዚህን ፕሮግራም ትልቁን ምሥጢር ሳያስተምረኝ ቀርቶ ነበር፤ ለደንበኛ ቀላል ነው አይባልም። ድሮ ሰው በር ይዙርልኝ ሲል "ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ሳምንት ይፈጃል" እለዋለሁ፣ እሱም በሩን በነበረበት ይወደዋል። ግማሹ ጥበቤ ይኸው ነበር።

ሐጂ ወንበሬን ወደ ስክሪኑ ሳቡ። "እንግዲያው በሩን ወደ ምሥራቅ አዙረው።" አዞርኩ። "መስኮቱን አስፋው።" አሰፋሁ። "አጥብበው።" "ቆርቆሮው ሰማያዊ ይሁን። አይ፣ አረንጓዴ። በሩ እንደ መጀመሪያው ይሻላል።" ለሶላት ተነስተው፣ ሰግደው፣ ተመልሰው እዚያችው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ወደ ማምሻው መሐንዲሱ እጄን ጨበጠኝ። "መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንበሩ ያንተ ነው" አለኝ።

"እርግጥ ነው፣" አሉ ሐጂ ሙከይፉ ጀላቢያቸውን እንደ ሸራ እየነፋው፣ "ነገ ደግሞ የአጎቴን ልጅ ፋው ከሚባለው ከተማ ይዤው እመጣለሁ። እሱም ሐሳብ አያጣም። ለእሱም ቀዝቀዝ ያለ መቀመጫ ፈልግለት።"