አዋላጁ የጎረቤት ልጅ

የዩኒቨርሲቲው ምደባ ሲወጣ ሚድዋይፈሪ ደረሰኝ። የመጀመሪያ ምርጫዬ ሕክምና ነበር፤ ቀጥሎ ፋርማሲ፣ ቀጥሎ ላብራቶሪ። ሚድዋይፈሪን የሞላሁት ባዶ ቦታ መተው ስለማይቻል ብቻ ነው። የመደበኝ አካል ግን ከእኔ ይልቅ እኔን ያውቀኝ ኖሮ፣ ጢሜ እንኳ በቅጡ ሳይበቅል ለምጥ የተፈጠርኩ ሰው መሆኔን ደረሰበት። ምስጋናዬ ባለበት ይድረሰው።

አባቴ ሁለቴ አስደገመኝ።

"ምንድነው ያልከው?"

"ሚድዋይፈሪ።"

"በአማርኛስ?"

"አዋላጅነት።"

ቴሌቪዥኑን አጠፋ። እናቴ "ታዲያ ምን ነውር አለው?" ብትልም የሰማት አልነበረም። አባቴ ትንሽ ካሰበ በኋላ "ነጭ ጋውን ትለብሳለህ አይደል? በቃ፣ ሕክምና ነው እንላለን" አለ። ሳምንት ሳይሞላ ላፍቶ ያለው ብሎካችን በሙሉ ዶክተር ይለኝ ጀመር።

ገና የአጥንቶችን ስም እየሸመደድኩ ሰዎች ደረጃ ላይ አስቁመው ምላሳቸውን ያወጡልኝ ነበር። የጥበቃው ጉልበት፣ የላይኛው ፎቅ ጡረተኛ ጨጓራ፣ የአንዷ እናት የማይለቅ ሳል፣ ሁሉም ወደ እኔ መጣ። ለሁሉም የማዘው አንድ ነበር፤ ውኃ ይጠጡ፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። "አያችሁ፣ እንደ ሌሎቹ መድኃኒት አያበዛም" እየተባልኩ ዝናዬ ጨመረ።

ከታማኝ ታካሚዎቼ አንደኛዋ ከበራችን ትይዩ የምትኖረው ጎረቤታችን ነበረች። ሀይሌ ጋርመንት ጋ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ወደ ብሎኩ ስንገባ እኔ ትንሽ ልጅ፣ እሷ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ስታረግዝ እግሯ ማበጡን፣ ቃር እንደያዛት፣ ሽንኩርት እንዳስጠላት በሙሉ ደረጃው ላይ ትነግረኛለች። እኔም ፊቴን እንደ ፕሮፌሰር አኮሳትሬ ክትትሏን እንዳታቋርጥ እመክራታለሁ።

በትምህርት ቤት በኩል የማዋለድ ችሎታዬ የሚደነቅ ነበር። የምንለማመድባት አሻንጉሊት ከወገቧ በላይ የላትም፤ ስለዚህ አትጮህም፣ አትሳደብም። ላስቲኩ ሕፃን አንድ እጁ ስለሚነቀል፣ "እንኳን ደስ ያለሽ" ካልን በኋላ እጁን ለብቻው እናስረክባታለን። ቅሬታ አቅርባ አታውቅም። በዚህ ሁኔታ ጥሩ ውጤት አምጥቼ፣ በሦስተኛ ዓመት መካኒሳ በኩል ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ለልምምድ ተላክሁ።

አንድ ቀን ጠዋት የማዋለጃው ክፍል በር ተከፈተና አንዲት ሴት ባሏን ተደግፋ ገባች። ጎረቤታችን ናት። ከጫማዬ ጀምራ እስከ ፀጉሬ አየችኝ።

"አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ልምምድ ላይ ነኝ።"

"ዶክተር አይደለህ እንዴ?"

"አዋላጅ... አዋላጅ ልሆን ነው።"

መልስ ልትሰጠኝ ስትል ምጡ መጣባት። አልጋውን ጨብጣ እስኪያልፍላት ጠበቀችና ያቋረጠችውን ቀጠለች፦ "አባትህ ዋሽቶናል ማለት ነው! ደግሞ እኔ ንፍጥህን እየጠረግኩ ያሳደግኩህ ልጅ ልታዋልደኝ? ውጣልኝ!"

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ትልቅ ሴት፣ "መብቷ ነው፤ ውጣ" አለችኝ። የታካሚ መብት ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ርዕስ ስለነበር በክብር ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ባሏ ይንጎራደዳል። "ምን አለች? ደህና ናት?" ብሎ ሳይጨርስ ከውስጥ ጩኸቷ ተሰማ። ፊቱ አመድ መሰለና በግድግዳው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አጋድሜ እግሩን ከፍ አደረግኩለት፤ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ማሕፀን አጥንቼ የመጀመሪያ ታካሚዬ ባለ ሪዝ ወንድ ሆነ። ነቃ ሲል "ለማንም እንዳትናገር" አለኝ። የታካሚ ምስጢር ጠብቄለት ነበር፤ እስከ ዛሬ።

እሱን አስቀምጬ ሳልጨርስ ሌላ እናት በአስቸኳይ ገባችና ሲስተርም አብራኝ የምትለማመደው ሴት ተማሪም ወደዚያ ሮጡ። ጎረቤታችን ብቻዋን ቀረች። ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋ መጣ።

"ያ ልጅ የት ሄደ?"

በሩ ላይ ቆምኩ።

"ና ወገቤን እሸኝ። ግን እንዳታየኝ!"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ወገቧን አሸሁላት። ፊት ለፊቴ የጡት ማጥባት ፖስተር ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ ያዝኩት። ምጡ ሲመጣ ጣቶቼን ትጨምቃለች፣ ማርያምን ትጣራለች፣ አባቴን ትረግማለች። ሲያልፍላት "እናትህ ጉንፋኗ ተሻላት?" ትለኛለች። "ተሽሏታል፤ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ" እላለሁ። ከዚያ ድምፅዋ ድንገት ተቀየረ። ጩኸቱ ቀረና ከሆዷ ሥር የሚወጣ ከባድ ማቃሰት ሆነ። አሻንጉሊቷ ይህን አሰምታን ባታውቅም፣ ሕፃኑ እየመጣ መሆኑ ገባኝና "ሲስተር!" ብዬ ጮህኩ።

ሲስተር እየሮጠች መጣች፤ አንዴ አየት አደረገችና "ጓንት አድርግ፤ ዙር" አለችኝ። ፈቃድ ለመጠየቅ ጎረቤታችንን አየኋት።

"አሁን ነው የምታፍረው? ያዝልኝ እንጂ!" አለችኝ።

እጆቼ ከታች፣ የሲስተር እጆች በእጆቼ ላይ። ጭንቅላቱ ወጣ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ መላ አካሏ ሙልጭ ብሎ መዳፌ ላይ አረፈ፤ ሴት ልጅ ናት። ትሞቃለች፣ ታንሸራትታለች፣ እጆቿ ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። ዝም አለች። ሲስተር በፎጣ ጀርባዋን ስታሽ ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ከዚያ አለቀሰች። እኔም ዓይኔ ውስጥ ላብ ገባ። ሲስተር አይታኝ ምንም ሳትል የእትብት መቁረጫውን መቀስ አቀበለችኝ።

እናቲቱ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ጎበዝ ነህ" አለችኝ፤ "ከዶክተር ትሻላለህ።" ስንት ዶክተር እንዳየች አልጠየቅኋትም።

ከቀናት በኋላ እናቴ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ልትል ስትሄድ እኔንም አስከተለችኝ። ቤቱ በብሎኩ ሴቶች ተሞልቶ ገንፎ ይበላል። ጎረቤታችን ከአልጋዋ ላይ ሆና "አዋላጄ መጣ!" ብላ አወጀች። አባቴ ለዓመታት የደበቀውን ነገር በአንድ ቃል ጨረሰችው። ሴቶቹ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዩኝ፤ የምገባበት ቀዳዳ ፈለግሁ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ከጥግ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። አጠገባቸው ቦታ ለቀው አስቀመጡኝና፣ ከወለዱ ጀምሮ ለማንም ተናግረውት የማያውቁትን ሕመም በሹክሹክታ ነገሩኝ። ባለቤታቸው እንኳ አያውቁም። ስለ ውኃ መጠጣት አላወራኋቸውም፤ የማውቀውን አስረዳኋቸው፤ የማላውቀውን ሲስተርን እንደምጠይቅላቸው ነገርኳቸው። ቀና ስል አምስት ስድስት ሴቶች በርጩማቸውን ወደ እኔ አስጠግተዋል፤ አንዷም ልጇን እያባበለች "ቆይ፣ ቀጥሎ እኔ ነኝ" ትላለች።

ገንፎው ሳልቀምሰው ቀዘቀዘ። ቤቴ የገባሁት ርቦኝ ነው።